የሚጎረብጠው ሞተር

የመጫወቻ መኪናዬን ሁለት ሞተሮች ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ አያለሁ። ቁርጥ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱን ባለፈው ሳምንት ውድድር ላይ እጅ እስኪለበልብ ድረስ ነድቼ ገድየዋለሁ። የገዛችልኝ እታለም ስለሆነች፣ እንዳታውቅብኝ ወልውዬ ከጤነኛው ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። አሁን የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ የፍሳሽ መስመር ተቆጣጣሪ። ጠዋት በዚህ ጉድጓድ ወርዳ መስመሩን ስታይ ጣሪያው ከኋላዋ ተደረመሰ። ከፍርስራሹ በላይ የቀረችው ክፍተት ሰው አታሳልፍም። የእኔን ባለ ሪሞት የጭነት መኪና፣ እሷ "ያ ልጅህ" እያለች የምትቀልድበትን፣ ለጥቂት ታሳልፈዋለች። የአየር ቱቦ ጎትቶ እሷ እስካለችበት አርባ ሜትር መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከቆመ ያቺኑ ክፍተት ይደፍናታል።

ቅድም ብረት ስትመታ ይሰማ ነበር። አሁን አይሰማም።

"ቶሎ በል እንጂ!" ይላል የነፍስ አድን ሠራተኞቹ አለቃ።

በሙቀት ማግኔቱ የደከመ ሞተር ከላይ ሲያዩት አያስታውቅም። ዘንጉን በጣት ሲያዞሩት ነው የሚለየው። የእኔ ጣቶች ግን በፍርሃት በድን ሆነዋል፤ ምንም አይሰማቸውም።

"ጋሼ፣ እስቲ አንተ አዙርልኝ" እለዋለሁ የእህቴን ባል።

ሁለቱንም ያዞራል። "ይኼ ልስልስ ያለ ነው። ያኛው ይጎረብጣል። በል ለስላሳውን ግጠም።"

"የሚጎረብጠውን ስጠኝ።"

"አብደሃል እንዴ? እዚያ ውስጥ ያለችው ሚስቴ እኮ ናት!"

"ጤነኛ ማግኔት ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ ጋሼ። ለስላሳው የተቃጠለው ነው።"

"አሸዋ ገብቶበት ቢሆንስ የሚጎረብጠው?"

ሊሆን ይችላል። "ሲይዝህ እኩል እኩል ነው ወይስ እንደመጣለት?"

ዓይኑን ጨፍኖ ደግሞ ያዞራል። ከንፈሩ ሲቆጥር አያለሁ።

"እኩል እኩል።"

"እሱ ነው።"

"ማነው ያኛውን ያቃጠለው?"

"እኔ።"

ያየኛል። የሚመታኝ መስሎኝ አንገቴን እሰብራለሁ። ሞተሩን መዳፌ ላይ ያኖረዋል።

ገጥሜ መኪናውን አወርዳለሁ። ሪሞቱን በቀኝ እጄ፣ ቱቦውን በግራዬ ይዣለሁ። አለቃው ሜትሩን ይጠራል። ሃያ ሁለት ላይ ቱቦው ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ ከሩቅ ያቃስታል። ወደኋላ ትንሽ እመልሰውና እንደገና እገፋዋለሁ። በዝግታ ያልፋል። ሠላሳ። ሠላሳ አምስት።

"አርባ!"

ጣቴን አነሳለሁ። ቱቦው ይቆማል። ጋሼ ትከሻዬን ጨብጦ ይዞኛል፤ ያመኛል፣ ግን አልናገርም። እንጠብቃለን። ከውስጥ ምንም የለም።

ከዚያ ቱቦው መዳፌ ላይ ወደ ውስጥ መንሸራተት ይጀምራል፤ በዝግታ፣ አንድ ክንድ ያህል። ቀኝ እጄን አያለሁ። ሪሞቱን አልነካሁም።