ወፍራም ዘይት

ባሏ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በመኪናው ጭስ ታፍኖ ከሞተ ወር አልሞላውም። መኪናውን እየነዳች ወደ ሞተር ዘይት ሻጩ መጣች።

«ሞተሩ ያንኳኳል፤ ነገ ደግሞ ገዢ ይመጣል» አለችው።

«ነፍስ ይማር፣ እህቴ። ወፍራም ዘይትና አንድ ጣሳ ማወፈሪያ ከጨመርንበት ድምፁ ይጠፋል። በሽታው ግን አይድንም።»

«ድምፁ ይጥፋልኝ እንጂ በሽታው የገዢው ነው።»

ሻጩ ኮፈኖውን ከፍቶ ሁለቱንም ጨመረ። ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሲያስጠጋ ማንኳኳቱ አልቀነሰም። ከሥሩ የደከመ የወንድ ድምፅ ይሰማ ነበር፦ «ክፈቺልኝ፤ እባክሽ ክፈቺልኝ።»

ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ። ድምፁ ግን አላቋረጠም።

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች።

«ያን ቀንም ይህንኑ ነበር የሚለው» አለች። «በል ወንድሜ፣ ሌላ ጣሳ ድገምበት።»