በመቃብሬ ላይ

«እንግሊዞች ‹በሬሳዬ ላይ› የሚሉት እኛ ‹በመቃብሬ ላይ› የምንለውን ነው» አለ መምህር ናሁሠናይ ለቅዳሜው የጎልማሶች ክፍል። «እስቲ ዓረፍተ ነገር ይሥሩበት፣ ጋሽ መኩሪያ።»

ስማቸውን ሲጠራ ዓይናቸውን ሸሸ። ነገ ልጃቸውን እንዲጠይቁለት ሽማግሌዎች ወደ ቤታቸው ይልካል።

ጋሽ መኩሪያ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «ልጄን ለአስተማሪ የምሰጠው በሬሳዬ ላይ ነው!» አሉ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ። ክፍሉ አውካካ።

መምህሩ ስሕተት ፈልጎ አጣ። «ትክክል ነው» አለ በቀጭን ድምፅ።

ትምህርቱ ሲያበቃ ጋሽ መኩሪያ በሩ ላይ ጠበቁት።

«ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ልጄ ሁሉንም ነግራኛለች። ለመሆኑ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል የሴት አባት የት አገር አየህ? የወጉን እምቢታ ዛሬ ጨረስኩልህ፤ ነገ ሽማግሌዎችህ ሁለት ጊዜ አይመላለሱም።»