ውሃው እስኪፈላ

«ውሃው እስኪፈላ ብቻ ነው የምታገሥሽ!» ይላል ባል ከማድቤት። ድስቱን ጥዶ ቢላውን ከሳህን ቂጥ ጋር ያፋጫል። «ዶሮዋ ከሞተች በኋላ ለሰውም ለውሻም አትሆን!»

«አንተ ቀድመህ ትፈላለህ!» ትላለች ሚስት።

ጓሮ በር ላይ ዱካ ስባ ተቀምጣለች። ዶሮዋ ጭኗ ላይ ተጋድማለች። ሊፈለፈሉ የደረሱት እንቁላሎች እንዳይበርዱ ደግሞ በሻርፕ ጠቅልላ ጡቷ ስር ወሽቃቸዋለች።

ዶሮዋ ዐይኗን ከድና ክንፏን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጥላለች። ደረቷ ላይ፣ ጥሬው የሚጠራቀምበት ከረጢት ተወጥሮ ቡጢ አክሏል። ማን ወጠረው? ሚስት ራሷ ናት። የታቀፈች ዶሮ እህል እንደማታበዛ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። አውቃ ግን አላስቻላትም። ስትከሳባት ጊዜ መንቁሯን ፈልቅቃ፣ ዳቦ በወተት እያራሰች ጎሰጎሰችባት። ዳቦው እዚያው ኩፍ አለ፤ አሁን ከረጢቱን በጣቷ እያሸች ልታወርደው ትታገላለች።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያደረግሽኝ» ይላል ባል ብቅ ብሎ፣ ቦርጩን መታ መታ እያደረገ። «እኔን የሚያሸኝ ጠፋ እንጂ።»

«አፍህን ዝጋና ዘይቱን አቀብለኝ!»

ዘይቱን መንቁሯ ውስጥ ጠብ ታደርግላትና ማሸት ትቀጥላለች። «ዋጪ የኔ እናት። ዋጪልኝ።» እንደ ድንጋይ ነው። አሁንም እንደ ድንጋይ። የሚስት እግር ብቻውን ይወዛወዛል። ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት፣ ብትነሳ እንቁላሎቹ ይወድቃሉ፤ ብታጎነብስ ይፈርጣሉ። ድስቱን ሄዳ በአንድ እርግጫ ብትደፋው ደስታዋ ነበር።

የድስቱ ክዳን መንገጫገጭ ይጀምራል። የቢላው ድምፅ ጠፍቷል፤ ተስሎ አልቋል ማለት ነው። ጣቷን ታፈጥናለች።

ጡቷ ስር የሆነ ነገር ኳ ይላል። ልቧ መስሏት ነበር። ደግሞ ኳ ይላል፤ ቀጥሎ ከሻርፑ ውስጥ ክር የመሰለ ድምፅ ይወጣል። ጪው።

ጣቷ ባለበት ይቆማል።

ጭኗ ላይ ያለችው ዶሮ ዐይኗን ሳትገልጥ፣ ከጉሮሮዋ ሥር ትመልስለታለች። ቁ። ቁ፣ ቁ። ያ ድንጋይ የሆነ ከረጢት ከሚስት ጣት ስር ላላ ይላል።

«ፈላ!» ይላል ባል።

«ሻይ ቅጠል ጣልበት» ትላለች በሹክሹክታ። እግሯ መወዛወዙን ትቷል።