በስሙ ይጠራ

ዳኛው በኒው ዴልሂ አንቱ የተባሉ የሕገ መንግሥት ሰው ነበሩ። ይበልጥ ያስጠራቸው የእስረኞቹ ፍርድ ነው። «ሰውን በቁጥር መጥራት ክብሩን መግፈፍ ነውና፣ እስረኛ ሁሉ በስሙ ይጠራ» ብለው በየኑ። የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። ትናንት በጡረታ ሲሸኙም ይኸው ፍርድ ተነብቦ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ዛሬ ቀትር ላይ ቤታቸው ምሳ ቀረበ። ዳኛው ወደ ገበታው ሄዱና ወንበራቸው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ምስር ወጡ ሊቀዘቅዝ ምንም አልቀረው፤ እሳቸው ግን አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ምነው፣ አትቀመጥም እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱሎቻና።

ዳኛው እንደ መባነን አሉ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ችሎት ላይ ስሰየም ወንበሬን የሚስብልኝ ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም።»

«ታዲያ እሱንማ ምሳ እንጥራው እንጂ! ማን ይባላል?»

«ስሙማ...» ብለው ጀመሩ ዳኛው። ወንበሩን ራሳቸው ሳቡና ተቀመጡ።

«እስቲ ጨው አቀብዪኝ» አሉ።