ከመዳፏ ስር

ሀሰና፣ ሳዑዲ ውስጥ ጉለይል በሚባለው ሰፈር ካለው ጋራዥ ጓዳ፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ተቀምጣ የባሏን አፍ በመዳፏ ከድና ነበር። ሕገወጦች በሰላም እንዲወጡ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ካለቀ ሳምንት ሆኖት፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሐበሻ የሚለቅሙት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። መካኒኩ ባሏ ይመር ፍርሃቱን ይችለዋል፤ ሞተር ሲበደል እየሰማ ዝም ማለት ግን አልፈጠረበትም። ያን ጊዜ አንድ የሳዑዲ ወጣት፣ አሮጌ የስፖርት መኪናውን ሰማያዊ ጭስ እያስተፋ አስገባ። የመናዊው የጋራዥ ባለቤት ነዳጅ ሲሰጠው መኪናው እንደ አምቡላንስ አፏጨ። የይመር ከንፈር ከመዳፏ ስር ተንቀሳቀሰ። “ቱርቦ” ማለቱ ነበር፤ ለሞተሩ አየር ስለሚነፋው ስለዚህ ዕቃ ምሳ ላይ ሳይቀር ስለሚያወራ ታውቀዋለች።

“ሞተሩ አልቋል። ኸላስ፣ ሽጠው” አለ የመናዊው።

“ወላሂ አላምንህም! ያ ሐበሻ የታለ? እሱ በጆሮው ያውቀዋል።”

“ይመር? አገሩ ገብቷል።”

ከፖሊሶቹ አንዱ ሳቀ። “ሁሉም ይገባል። ሌላ መካኒክ ፈልግ!”

ከመዳፏ ስር ከንፈሩ ቀጥ አለ። መኪናው እያፏጨ ወጣ፤ ፖሊሶቹም ወደሚቀጥለው በር አለፉ። ድምፃቸው ሲርቅ ሀሰና እጇን አነሳች።

“ሞተሩ ደህና ነው” አላት። “የላላው የቱርቦው ዘንግ ብቻ ነው።”

“አብሽር፣ የልጁ ስልክ አለህ አይደል? ደውልና ንገረዋ።”

“ማን ነኝ ብዬ?” አላት፤ መዳፏ አሁንም አፉ ላይ ያለ ይመስል፣ በጣም ቀስ ብሎ።