የሲራኩስ ቄጠማ

አዜብ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ያለውን አፓርታማቸውን በር ከፍታ ስትገባ ክው አለች። የሲኞራ ደንገል ሳሎኑ ላይ ተጎዝጉዟል! ጎረቤታቸው ሲኞራ ከጣሊያን፣ ከሲራኩስ ከነሥሩ አምጥታ በባልዲ ያሳደገችው፣ «አደራ፣ ውሃ አጠጪልኝ» ብላ ለእሷ ትታላት የሄደችው ደንገል!

«አክስትዬ፣ ማን ቁረጪ አለሽ?»

«ዛሬ እኮ እንቁጣጣሽ ነው፤ ያለ ቄጠማ በዓል አለ እንዴ?» አለች አክስቷ ደንገሉን እየረገጠች።

አዜብ እየተነጫነጨች ለበዓሉ ከመጡት እንግዶች እግር ሥር ደንገሉን መልቀም ጀመረች። «አባ፣ እግርዎን ያንሱልኝ!» እቅፏ ሙሉ እንደሆነ በሩ ተንኳኳ። ሲኞራ ነበረች፤ ሻንጣዋን እንደያዘች የልጅቷን እቅፍ አይታ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

«ምን ይገትርሻል? ይቅርታ ጠይቂያት እንጂ!» አለች አክስቷ።

እኔ! አለች አዜብ በሆዷ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጥርት አድርጋ፣ «የቆረጠችው አክስቴ ናት» አለቻት።

እንግሊዝኛዋ «ሄሎ» ላይ የሚያልቅባት አክስቷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ።»