የሊንኩ ጭራ

ጊፍቲ ሊንኩን የኢንተርኔት ቤቱ ስክሪን ላይ ለጥፋ ጭራው ላይ የተደረደሩትን የፐርሰንት ምልክቶች በጥፍሯ እየነካች ትቆጥራለች። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። እንደገና ትጀምራለች። አሁንም ዘጠኝ።

ቤኪ በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። የፈረንሳይ ሰፈር ታክሲዎች ጥሩምባ አንድ ቃል አያሰማም፤ ጀርባውን ስለሰጣት ፊቱም አይታያትም። በዚህ ከእንጦጦ በሚወርድ ብርድ ውጭ ቆሞ የሚያወራው ምን ቢሆን ነው?

እሷን የሚያንገበግባት የጫማው ነገር ነው። የዛሬ ወር ተኩል ነው ቤኪ፣ የሦስት ወር ፍቅረኛዋ፣ የኦንላይን ሱቅ ሊንክ የሰጣት። በሊንኩ ገብቶ የሚገዛ ሰው በተገኘ ቁጥር ኮሚሽን አለው፣ ለሁለት እንካፈላለን፣ ብሎ። እሷ ደሞ አፍ አላት! የቸርቹን የመዘምራን ግሩፕ በአንድ ቀን በሊንኩ አጥለቀለቀችው። አስራ ዘጠኝ ልጅ ለሱቁ ቀብድ ከፈለ፣ ለበዓሉ ፕሮግራም አንድ ዓይነት ነጭ ጫማ። በዓሉ አለፈ፤ ጫማው የለም። ትናንት ሎሚ፣ ሶፕራኖዋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጊፍቲዬ፣ ከአሁን በኋላ በካልሲ ነው የምንዘምረው?» አለቻት። ሁሉም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ ግን አንድም ሰው አብሯት ወደ ታክሲ አልሄደም።

ቤኪን ስለ ፐርሰንቶቹ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «የኮሚሽን ስሌት ነዋ! ማትስ ድሮም አትችይ፣ ምን አስጨነቀሽ?»

«ዓለምዬ፣ አንዴ ነይማ።»

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ዓለም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ በትከሻዋ ላይ ታጎነብሳለች።

«የምን ስሌት? ስም ነው እንጂ። ሊንክ የኛን ፊደል አያውቅማ። በአማርኛ ስትጽፊበት አንዷን ፊደል በሦስት የፐርሰንት ምልክት ይቀይራታል። ስንት ቆጠርሽ?»

«ዘጠኝ።»

«በቃ፣ ስሙ ሦስት ፊደል ነው። ገዢው በማን በኩል እንደመጣ ሱቁ የሚያውቀው በሱ ነው።»

ጊፍቲ ጣቶቿን ታጥፋለች። ቤኪ ሁለት ነው፣ አይሆንም። ጫልቱስ? ጫ፣ ል፣ ቱ። ልክ ሦስት። ጫልቱ፣ የሲኤምሲዋ የቤኪ የድሮ ፍቅረኛ፣ «እሷ እኮ ድሮ ነው፣ አልቋል» የተባለችው! ይሄን ሁሉ ጊዜ ምላሷ እስኪላጥ የለፈለፈችው ለጫልቱ ነበር ማለት ነው?

«ፍቺልኝ በናትሽ።»

«ኋላ እንዳታለቅሺብኝ ብቻ።»

ዓለም ጭራውን ቆርጣ ሌላ ገጽ ላይ ትለጥፍና አንዴ ትጫናለች። ፐርሰንቶቹ እልም ይላሉ። ሦስት ፊደል ብቻ ይቀራል።

ጊፍቲ።

«ውይ የኔ ጌታ! የኔ ስም ነው እኮ!» አፏን ይዛ ትስቃለች። ያ ምስኪን ልጅ፣ እሷ በጫልቱ ስትጠረጥረው! ዓለም ግን አትስቅም።

«እና አስራ ዘጠኙም ሰው የገባው ባንቺ ስም ነው» ትላለች ቀስ ብላ፣ ወደ ወንበሯ እየተመለሰች።

የጊፍቲ ሳቅ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤኪ በብርዱ እጁን እያሻሸ ይገባል። «ምን ተገኝቶ ነው እንዲህ የምትስቂው?»

«ስሜን አየሁት።»

«ሰርፕራይዝ ነበር እኮ። አበላሸሽው።»

«ለሱቁ የሰጠኸው ስልክ ቁጥርስ?»

«ያንቺ ነዋ። ባንቺ ስም ተከፍቶ የማንን ልስጥ?»

«ኮሚሽኑ የሚገባበት የባንክ ቁጥርስ?»

«አቦ አታካብጂ! ምነው ዛሬ መርማሪ ሆንሽ?»

«ቤኪ። የማን ነው?»

ቤኪ በትከሻዋ ላይ እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን ያጠፋዋል። በጠቆረው መስታወት ላይ የሁለቱም ፊት ጎን ለጎን ይታያል። እሷ እሱን ታያለች፤ እሱ በሩን ያያል።